ላምባ የጠጣችው መኪናና የበቅሎዬ ጭራ

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጋምቤላ

ባሮ ጉም ለብሷል፤ እኔ ደግሞ አዲስ ኮት ለብሻለሁ። ጥቁር፣ ባለ አራት ቁልፍ፣ በመርከብ ከካርቱም የመጣ ኮት ነው። በጋምቤላ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ሰው እንዲያየው ፈልጓል። ወባ አልያዘኝም።

አንባቢዬ፣ መንገድ ከመጀመሬ በፊት ለምን እንደምሄድ ልንገርዎ። እኔ እዚህ ጉምሩክ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ባለቤቴ በለጠች ግን መቱ ናት። ስምንት ዓመት በትዳር ኖረን፣ ስለት ተስለን፣ ጠበል ተጠምቀን፣ ጎረቤትም ሐሜቱን ጨርሶ ሌላ ሰው ማማት ከጀመረ በኋላ እግዚአብሔር ወንድ ልጅ ሰጠን። ልጄን እስካሁን አላየሁትም። በተወለደበት ሳምንት የክረምቱ መርከቦች ተከታትለው ገቡና አለቃዬ "ጭነቱ ሳይራገፍ ንቅንቅ የለም" አለኝ። የመጨረሻዋ መርከብ ትናንት ተራገፈች። የፊታችን እሑድ ልጁ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል።

በለጠች ያስጻፈችው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ አለ። "ልጁን ሳል ይዞታል" ይላል። "መምሬ ቀኑ እንዳያልፍ ብለዋል። እርስዎም የክርስትና አባቱም እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሳይገባ ይድረሱ። ባይደርሱ አልቀየምም፤ ግን አልረሳም።" ባለቤቴን የሚያውቅ ሰው ያቺ የመጨረሻ ቃል ስንት ዓመት እንደምትኖር ይገባዋል።

የክርስትና አባቱ ጋሼ ወልደየስ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ከሸዋ የመጡ፣ ጋምቤላ ቡና የሚነግዱ ሽማግሌ። አብረን በመኪና እንሂድ ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

"የሚያጓራና ሣር የማይበላ ነገር አላምንም" አሉኝ። "በቅሎህን አውሰኝ፤ እኔ ቀደም ብዬ ልነሣ።"

ቦራን ሰጠኋቸው። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመችኝ በቅሎ ናት። ማክሰኞ ሊነሡ እርካቡን ይዤላቸው "ቡሬ ላይ እደርስብዎታለሁ፤ መቱ ደግሞ ጠጅ ቀድቼ እጠብቅዎታለሁ" አልኋቸውና ሳቅሁ። ያቺን ሳቅ በአደራ ያስቀምጡልኝ፣ አንባቢዬ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

መኪናዋ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ናት። ጨው፣ አቡጀዴና ስኳር ጭናለች። ሾፌሩ በየነ ይባላል፤ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ የአቧራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይዞራል፣ ከእጁም የሱረት ቀንድ አይለይም። አንድ ቁንጥር በቀኝ፣ አንድ ቁንጥር በግራ አፍንጫው ይስብና ያስነጥሳል፤ ከዚያ ነው ሞተር የሚያስነሣው።

እኔም ለመንገዱ ተሰናድቻለሁ። የመኪና ጋዝ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ምች እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ምች ፊት ያሳብጣል፣ ከንፈር ያቆስላል፣ ልጄም እንዲያ ሆኜ ሊያየኝ አይገባም። ስለዚህ የዳማከሴ ቅጠል አሽቼ ሁለቱንም የአፍንጫዬን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጌ ደፈንሁ።

"ጸሐፊ፣ ምን ሆኑ? አፍንጫዎ በቀለ እኮ" አለኝ በየነ።

"አንተ መኪናህን ንዳ" አልሁት። ድምፄ ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ተሰማኝ።


ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡሬ

ከጋምቤላ እስከ ዳገቱ ሥር ያለው መንገድ ሣር ብቻ ነው፤ ከመኪናዋ ጣሪያ የሚበልጥ ሣር። ሙቀቱ እንጀራ ይጋግራል። ሦስት ጊዜ ውሃ ፈላባት፣ ሦስት ጊዜ ቆመን አጠጣናት። በየነ "ይቺ ከግመል ትጠጣለች" እያለ ሸለቆ ወርዶ በባልዲ ይቀዳል፤ እኔ ኮቴ እንዳይቆሽሽ ቆሜ እመክረዋለሁ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ቀርከሃ፣ ቀይ ጭቃ፣ ከድንጋይ ስር የሚፈልቅ ቀዝቃዛ ውሃ። አንዲት ሴት ሙሉ ዘለላ ሙዝ በአንድ እፍኝ ጨው ሰጠችን፤ የበላሁት ሙዝ ግን በተደፈነው አፍንጫዬ ምክንያት የዳማከሴ ጣዕም ነበረው።

ቡሬ ስንገባ ዝናቡ ሊጥል ያንዣብባል። ሳር ቤቶች፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ በየበረንዳው የቡና ጆንያ፣ ከመኪናው ኋላ የሚሮጥ ውሻ። ከገበያው ጥግ መኪና ሁሉ የሚሞላበት የቤንዚን መጋዘን አለ። የሚጠብቀው ኦቦ ዲንሳ የተባለ፣ ረጅም፣ ፊቱ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ስለ መጋዘኑ ሥራ ትንሽ ልንገርዎ። ቤንዚንና ላምባ ከመርከብ ሲወርዱ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ። ቆርቆሮዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በእንጨት ሳጥን ይታሸጋሉ፤ የሚለያቸው የሳጥኑ ጽሕፈት ነው። ቀይ ጽሕፈት ያለበት ቤንዚን ነው፣ ጥቁሩ ላምባ። ዲንሳ የፈረንጅ ፊደል ስለማያነብ ቀለሙን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ጣቴን ቀስሬ። "ቀዩን እዚህ በርሜል ትገለብጣለህ፣ ጥቁሩን እዚያ" ብዬዋለሁ። በቤንዚኑ በርሜል ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለ፤ መኪና ሲመጣ ከዚያ ይሞላል።

"አከም ጅርታ፣ ጌታዬ! እንኳን ማርያም ማረችልዎ!" አለኝ ዲንሳ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። "ጣውላው ደረሰ?"

እውነት ነው፤ ረስቼው ነበር። ልጁ እንደተወለደ ለዲንሳ ወረቀት ልኬለት ነበር። መቱ ጥሩ ጣውላ አይገኝም፤ የመርከቡ ሳጥን ጣውላ ግን የለዘበ፣ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው። ለአራሷ አልጋ፣ ለእንግዳውም መቀመጫ እንዲሆን ከባዶ ሳጥኖች ጥቂት ቢልክልኝ ብዬ ነበር።

"ባዶ ሳጥን ጠፋ፤ ታዲያ እኔ ዝም እላለሁ?" አለ ዲንሳ። "ያሉትን ሁሉ ፈታኋቸው! አንዲት ጣውላ አላስቀረሁም፤ አሥራ ሁለት ሰው አሸክሜ ላክሁ። ለልጅዎ እኮ ነው!"

ወደ ውስጥ አየሁ። ቆርቆሮዎቹ ራቁታቸውን ተደርድረው ያብለጨልጫሉ፤ ከግድግዳ ግድግዳ አንድ መልክ፣ አንድ ቁመት። እኔ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ዕቃ መለየት እንጀራዬ የሆነ ሰው፣ ያን አይቼ ምን ያልሁ ይመስልዎታል?

"እንዴት ያምራል!" አልሁ።

"በርሜሉ አልቆ ነበር፤ ትናንት አዲስ ገለበጥሁበት" አለ ዲንሳ። ድምፁ እንደኔው ከጋን ውስጥ ይወጣል። ቀና ብዬ ሳየው በሁለቱም አፍንጫው ዳማከሴ ወትፏል። ባለፈው ስመጣ ስለ ምች የሰበክሁትን ሰምቶ ነው። ተማሪዬ በመሆኑ ደስ አለኝ።

በየነ ምሳ ሊበላ ሄደ። መኪናዋን የሞላሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ገበያተኛው ቆሞ ስለሚያይ ብቻ ኮቴን ቆልፌ ፓምፑን ያዝሁና ገፋሁ፣ ገፋሁ። ሲሞላ "ንጹሕ ቤንዚን!" ብዬ ለሕዝቡ ነገርሁ። ሕዝቡም አመነኝ።

ማታ ጋሼ ወልደየስን ያረፉበት ቤት አገኘኋቸው። ቦራ ሣሯን ታመነዥካለች።

"ነገ ዶሮ ሲጮኽ እነሣለሁ፤ አንተስ?" አሉኝ።

"እኔ ቁርሴን በልቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ፀሐይ ሲሞቅ። ነገ ማታ መቱ ነኝ። ለበለጠች ጋሼ እሑድ ይደርሳሉ እላታለሁ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።


ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከቡሬ ወደ ጎሬ

ሞተሩ አንዴ ሲዞር ተነሣ። ከቡሬ በላይ ያለው መንገድ በጫካ ውስጥ ያልፋል፤ ዛፎቹ ከላይ ተያይዘዋል፣ ከስር የቡና ተክሉ ቀይ ፍሬ አንጠልጥሏል፣ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያርገበገቡ ይዘላሉ። ልቤ ሞልቶ ነበር። ልጁን አንሥቼ የምለውን ሁሉ በሆዴ አጠናለሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደየስ ላይ ደረስን። ቦራ ዳር ዳሩን ትሄዳለች። "ጡሩንባውን ንፋ!" አልሁት በየነን። ነፋው። ቦራ ደነገጠች፤ ጭቃው እስከ ጋሼ ጉልበት ረጨ። በመስኮት ብቅ ብዬ ባርኔጣዬን አንሥቼ "ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ! መቱ እንገናኝ!" አልሁ። ሽማግሌው አለንጋቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

ብዙ አልሄድንም። ከሞተሩ ውስጥ በብረት ሙቀጫ ብረት የሚወቅጥ ሰው ያለ መሰለኝ።

"ምንድን ነው?" አልሁ።

"ዳገቱ ነው" አለ በየነ።

ሜዳው ላይም ወቀጣው ቀጠለ። ከኋላችን ነጭ ጭስ ተነሥቶ ጫካውን ሸፈነው። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስላለች፣ እንደ ገና ትራመዳለች። የልጄ ሳል ትዝ አለኝ።

"ቆም ብለን እንያት እንዴ?" አለ በየነ።

"በለጠች አትረሳም!" አልሁት። "ግፋ! ዳገቱን ብቻ አውጣት!"

እሱም ሰው ነውና ገፋ። ዳገቱ ወገብ ላይ "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ዝምታ። ጉሬዛዎቹ እንኳ ዝም አሉ።

በየነ ወርዶ ሞተሩን ከፈተ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታቸው፤ ጥላሸት ጠጥተው ረጥበዋል። ጠርጎ መለሳቸው። ከፊት ያለውን የማስነሻ ብረት እያዞርሁ እንድረዳው ጠየቀኝ፤ አዞርሁት፤ ብረቱ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ክንዴን መታኝና ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ቁልፍ ከኮቴ ወልቆ ገደል ገባ።

"ቤንዚኑ ውሃ ሳይገባበት አይቀርም፤ ከስር ማፍሰስ አለብን" አለ በየነ። "እኔ ከላይ ስይዝ ከስር የሚፈታ ሰው ይፈለጋል።"

እዚያ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። በአዲስ ኮቴ ከመኪናዋ ስር በጀርባዬ ገባሁ። በመፍቻው አንድ ዙር አዞርሁ፣ ሁለት ዙር አዞርሁ፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ከደረቴ እስከ ጉልበቴ፣ ከአንገቴ እስከ ጀርባዬ ራስሁ። በባልዲ ሊቀበለው የተዘጋጀው በየነ አንድ ጭልፋ ያህል አገኘ፤ ቀሪውን እኔ ተቀበልሁት። አወጣኝና ባልዲውን አፍንጫው ሥር አድርጎ ሳበ።

"ምን ይሸታል?" አልሁት።

"ሱረት" አለኝ በሐዘን። "እኔን ሁሉም ነገር ሱረት ሱረት ነው የሚለኝ። እርስዎስ?"

"ዳማከሴ" አልሁ።


ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ እዚያው ዳገት

እንዲህ ተፋጥጠን ሳለን ከታች የበቅሎ ኮቴ ድምፅ ተሰማ። ቦራ ነበረች። ጋሼ ወልደየስ ከሩቅ ልጓም ሳቡና አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

"ምነው ልጆቼ፣ ኩራዝ ተሰበረባችሁ?"

እጄ ሳይታዘዝ ወደ አፍንጫዬ ሄደ። የቀኙን ቅጠል ነቀልሁ። የግራውን ነቀልሁ። ወገኖቼ! ልጅ ሆኜ ዳዊት የደገምሁበት ኩራዝ፣ እናቴ ጓዳ ያስቀመጠችው ጠርሙስ፣ የመቱ ሱቅ በሙሉ አንድ ላይ ሆኖ ከኮቴ ተነሣና ጭንቅላቴን መታኝ። ላምባ ነው። ጠብታ ቤንዚን ሳይኖረው ጥርት ያለ ላምባ!

"የኩራዝ ጋዝ አጠጥተናታል፤ ጠዋት ያስነሣት ቧንቧው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ነው" አለ በየነና መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ጭቃው ላይ ወረወረው። "በዚያ ላይ አስገድጄ ዳገት አስወጣኋት። ውስጧ ተሰብሯል። መለዋወጫው በመርከብ ነው የሚመጣ፤ መርከቡ ደግሞ የሚመጣው ለከርሞ ክረምት ነው።"

ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ዲንሳ፣ በየነና እኔ። ስድስት የአፍንጫ ቀዳዳ ነበረን፤ አንዱም አይሠራም። ሳጥኑ ቢኖር አፍንጫ ባላስፈለገ። ሳጥኑስ የት ነው? ሳጥኑ መቱ ነው፤ የሚስቴ አልጋ ሆኗል። ነገሩ አንድ በአንድ ሲገለጥልኝ ዳገቱ ላይ ተቀመጥሁ፤ እንባዬም መጣ። ላምባው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ ነበር ለበየነ፤ ለእርስዎ ግን አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ።

ሌሎች መኪኖች ከዚያው በርሜል እንዳይሞሉ ቡሬ ቶሎ ወሬ መድረስ ነበረበት። በየነ በእግሩ ሊመለስ ተነሣ፤ ወረቀት ጻፍለት አሉኝ ጋሼ። እርሳሴን አወጣሁና በለመደው እጄ ለቡሬው ሹም "የመጋዘኑ ጠባቂ ዲንሳ ሥራውን በሚገባ ባለመጠንቀቁ" ብዬ ጀመርሁ። ጋሼ በትከሻዬ ላይ አዩና "ሳጥኑን እንዲፈታ የለመነው ማን ነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ፓምፑንስ የገፋው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ የሚጻፈው የማን ስም ነው? ያ ሰው በወዳጅነቱ ሊገረፍልህ ነው?"

ከአሥር መርከብ ጭነት ይልቅ ያቺ ወረቀት ከበደችኝ። ቀድጄ ጣልሁና ሌላ ጻፍሁ። "በርሜሉ ውስጥ ያለው ላምባ ነው፤ ማንም መኪና እንዳይሞላ። ጣውላውን የለመንሁ እኔ ነኝ፤ ሳላሸት ፓምፑን የገፋሁም እኔ ነኝ። ዲንሳን እንዳትነኩት፤ የምትጠይቁት ካለ መቱ ነኝ።" ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁበት። በየነ አጥፎ በባርኔጣው ውስጥ ከተተው።

"ጸሐፊ፣ አለቃዎ ሲሰማስ?" አለኝ።

"ሲሰማ ይሰማል" አልሁት።

እሱ ቁልቁል፣ እኛ ሽቅብ ተለያየን። ጎሬን ትተን ወደ መቱ በሚያቋርጠው የበቅሎ መንገድ ገባን። ጋሼ ከኮርቻው ዞር ብለው አዩኝ።

"በል ጭራዋን ያዝ፤ ዳገት ላይ ትጎትትሃለች" አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ቦራን ከላይ አውቃታለሁ፤ ከኋላ ስተዋወቃት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጭራዋን በሁለት እጄ ያዝሁ። እስዋም አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ፣ ሽታዬን ማገች፣ ጆሮዋን አጠፈችና መንገዷን ቀጠለች። ማክሰኞ ዕለት መቱ ላይ ጠጅ ቀድቼ እጠብቃለሁ ያለው ሰውዬ ይኸው ነው። ያስቀመጡልኝን ሳቅ አሁን ይመልሱልኝ፣ አንባቢዬ፤ ግን ጋሼ አልሳቁም፣ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። ጭቃው ጫማዬን አንድ ጊዜ ወሰደ፣ መለሰልኝ፤ ሁለተኛ ወሰደና አስቀረው። አንድ ረግረግ መሻገሪያ ላይ ወደቅሁና መነሣት አቃተኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ" አልኋቸው። "ያለ እርስዎ ልጁ አይጠመቅም፤ ያለ እኔ ይጠመቃል። እኔ እያዘገምሁ እመጣለሁ።"

"እውነትህን ነው፤ ለመምሬ አንተ አታስፈልግም" አሉ። ከቦራ ላይ ወርደው በእርጅና እጃቸው ብብቴን ይዘው አነሡኝ። "ለልጁ ግን ታስፈልገዋለህ። ስምንት ዓመት የጠበቅኸውን ልጅ እኔ ብቻዬን ልቀበለው? ጭራዋን ያዝ ብዬሃለሁ!"

ያዝሁ።


ቅዳሜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመንገድ ዳር አንድ ቤት

ያሳደሩን አንዲት አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው በእንሰትና በጎደሬ ተከቧል፤ ከዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ጋሼን በኦሮምኛ "ኮቱ፣ ኮቱ"፣ ይምጡ ይምጡ እያሉ አስገቡና እግራቸውን አጠቡላቸው። እኔ ስከተል ግን በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

"ዋቀዮ! አንተ ልጄ፣ ላምባ ለብሰህ እሳት ዳር ልትቀመጥ? ቤቴ እኮ ሣር ነው!"

"ኮቱን አውልቀህ ጣለው" አሉ ጋሼ ከውስጥ።

"አይሆንም፤ አዲስ ነው። ልጄ መጀመሪያ ሲያየኝ በኮት ነው ማየት ያለበት" አልሁ። ከስሩ ያለው ሸሚዜም ሱሪዬም ያው ላምባ ስለሆነ ማውለቁ አይጠቅምም ብዬም ጨመርሁ። ይኸ የመጨረሻው እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ግን የልቤ ነበር።

ከቦራ ጋር በረት ውስጥ አደርሁ። አዴ ጫልቱ ደግ ሴት ናቸው፤ የተቀቀለ ጎደሬና ማር በቅል አድርገው፣ ቅሉን በረጅም እንጨት ጫፍ አንጠልጥለው ከሩቅ አቀበሉኝ። ለእብድ ውሻም እንዲህ ሲሰጡ አይቻለሁ። ጣዕሙ ግን ግሩም ነበር፤ ከተነሣሁ ወዲያ አፍንጫዬ ክፍት ሆኖ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው።


እሑድ ጠዋት፣ መቱ

በመጀመሪያው የዶሮ ጩኸት ተነሣን። ዝናቡ አባርቷል፤ ከሣሩ ላይ ጤዛ ይንጠባጠባል። ሳል የያዘው የአርባ ቀን ሕፃን በየእርምጃው ፊቴ ይመጣል። ሰማዩ ሲገረጣ የመቱ ባሕር ዛፎች ታዩ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየ። ደወል ሰማሁ። ጭራውን ለቅቄ በአንድ ጫማ ሮጥሁ።

ክርስትና ቤቱ በር ላይ መምሬ ጧፍ ይዘው ቆመዋል። ከሶር ወንዝ የተቀዳ ውሃ በገንቦ ተቀምጧል። በለጠች ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልጁን አቅፋ ጀርባዋን ሰጥታናለች።

"ቁም!" አሉ መምሬ። "እዚያው ቁም! ምን ተቀብተህ ነው የመጣኸው? ጧፍ በርቷል፣ ሕፃን አለ፣ ልታቃጥለን ነው?"

"መምሬ፣ አባቱ ነኝ" አልሁ።

"አውቄሃለሁ፤ ሽታህን ነው ያላወቅሁት። ከአጥሩ በር ወዲህ እንዳትመጣ።"

በለጠች ዞራ አየችኝ። ከራሴ እስከ ባዶ እግሬ አየችኝ። ጋሼ ወልደየስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ባጠገቤ አለፉ፤ ልጁን ከእቅፏ ተቀበሉና ከእሷ ጋር ገቡ። በሩ ተዘጋ።

እኔ ከአጥሩ በር፣ ከቦራ ጋር ቆሜ ቀረሁ። ዜማው በግድግዳው በኩል ይመጣል፣ ይጠፋል። ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ከዚያ በር ጀርባ ነው፤ ያገደኝ ማንም አይደለም፣ ኮቴ ነው። ከዚያ የሶር ውሃ ሲነካው ልጄ ጮኸ። ሳል የያዘው ልጅ ጩኸት አልነበረም፤ ከመኪናው ጡሩንባ ይበልጥ ነበር። ቦራ ጆሮዋን አቆመች። እኔ አንገቷን አቅፌ እንደ ሴት፣ እንደ ሕፃን፣ እንደ ፈለጉት ይበሉኝ፣ አለቀስሁ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆምሁ። ሰው ሲወጣ በሩቁ እየዞረ አለፈኝ። በመጨረሻ ጋሼ ልጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በአንገቱ አዲስ ማተብ አስረው መጡ፤ በለጠች ከኋላቸው።

"ጣውላው ደርሷል" አለችኝ። "አልጋው ተሠርቷል። ራስጌው ላይ ቀይና ጥቁር ጽሕፈት አለበት፤ ምን እንደሚል ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አልሁ። "ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ።"

"ደርሰዋል" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከንፈሯ ግን ሳቅ ያፍናል። "ይኸንንም አልረሳም።"

ኮቴን አወለቅሁ። ሸሚዜን አወለቅሁ። ሁለቱንም ከአጥሩ ውጭ፣ ከማንም እሳት አርቄ ወረወርሁ። ጋሼ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና ልጁን ሰጡኝ። ቀላል ነው፤ ከባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። በቡሬ መንገድ በሆዴ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ጎንበስ አልሁና ፀጉሩን አሸተትሁት። የሜሮን ሽታ አለው፤ ከሜሮኑ ስር ደግሞ የወተት።